የሚኒስትሪ ቱር፦ ረብሻውን ማን ተሸከመው?

(«ፊክስ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ከመታየቱ በፊት ለፊልም ወዳጆች የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ስለ ባንዱ ትንሽ በላቸው» ብለውኝ ነው እዚህ የቆምኩት። ትንሽ ማለት ስንት ደቂቃ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ሲሰለቻችሁ ፊታችሁን አይቼ አቆማለሁ። ሚኒስትሪ ሲባል የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትዝ ያላችሁ ካላችሁ አይዟችሁ፣ ዛሬ ፈተና የለም። ሚኒስትሪ የአሜሪካ ባንድ ነው። የተመሠረተው ቺካጎ ውስጥ በ1981 ነው። ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የምናየው ፊልም «ፊክስ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ዳግ ፍሪል ነው። ለሕዝብ የቀረበው በ2011 ነው፤ ዋናው ምስል የተቀረጸው ግን ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996፣ ባንዱ አዲስ አልበም ይዞ ከከተማ ከተማ ሲዞር ነው። ፍሪል ካሜራውን ይዞ አብሯቸው ተሳፈረ። ያየውን ቀረጸ። በኋላ ደግሞ ባንዱን በቅርብ የሚያውቁ ሙዚቀኞች ካሜራ ፊት እየተቀመጡ ትዝታቸውን አወሩ። የናይን ኢንች ኔይልሱ ትሬንት ሬዝነር አለ። የሞተርሄዱ ሌሚ አለ። የዴድ ኬኔዲስ ድምፃዊ የነበረው ጄሎ ቢያፍራ አለ። የኮርን ድምፃዊ ጆናታን ዴቪስ አለ።

ስለዚህ በአንድ ወንበር ሁለት ፊልም ታያላችሁ። አንደኛው ወግ ነው። ታዋቂ ሰው ይቀመጥና «አንድ ቀን እኮ…» ብሎ ይጀምራል። ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን። ሁለተኛው ካሜራው በ1996 ያየው ነው። እዚያ ውስጥ ሳቁ ቀነስ ይላል።

የኔ ነገር ይሄ ነው። በወጉ ውስጥ ረብሻው ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ይመስላል። እሱ ሰከረ፣ እሱ ሰበረ፣ እሱ ጠፋ፣ እሱ ተገኘ። ግን ቱር፣ ይሄ ከከተማ ከተማ እየዞሩ መጫወቱ፣ ድርጅት ነው። አንዱ እንዳሻው እንዲሆን ሌላው በሰዓቱ መነሳት አለበት። ከሚኒስትሪ ታሪክ ውስጥ ያንን ሌላውን ሰው እየፈለግን እንሂድ።

መጀመሪያ ስለ ሙዚቃው ትንሽ። ሚኒስትሪ የሚታወቅበት ኢንዱስትሪያል የሚባለው ስልት የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው። ትሮቢንግ ግሪስል የተባለው ቡድን በ1976 ኢንዱስትሪያል ሬከርድስ የሚባል አሳታሚ አቋቋመ፤ ስልቱም ስሙን ከዚያ ወሰደ። የእነሱ ዓላማ ጆሮ የሚያስደስት ዜማ ማምጣት አልነበረም። የፋብሪካ ዘመን ሰው የፋብሪካ ድምፅ ይስማ ነው ነገሩ። ቴፕ ቆረጡ፣ ቀጠሉ፣ ድምፅ አጣመሙ። በርሊን ላይ ደግሞ በ1980 አይንሽቱርትሴንደ ኖይባውተን ተነሳ። እነዚህ ከብረታ ብረት ቁርጥራጭና ከግንባታ መሣሪያ ነው ሙዚቃ የሠሩት። ቧንቧ ይደበድባሉ፣ ቆርቆሮ ይመታሉ፣ ድሪል ያስጮኻሉ።

በጥር 1984 ለንደን ውስጥ የዘመናዊ ሥነ ጥበባት ተቋም በሚባለው ቦታ አንድ ዝግጅት ነበር። የበርሊኖቹ ልጆችና ጓደኞቻቸው የሲሚንቶ ማደባለቂያ፣ የኤሌክትሪክ መጋዝና ኮንክሪት የሚሰብር ማሽን ይዘው መድረክ ወጡ። ሙዚቃውን ጀመሩ። ከዚያ መድረኩን ራሱን መቦርቦር ጀመሩ። የአዳራሹ ሠራተኞች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አስቆሙት፤ ታዳሚው ግን በዚያ ተናደደ፣ ግርግር ሆነ። ይሄ ታሪክ እስከ ዛሬ እንደ ጀብዱ ይወራል። በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ወለሉን የጠገነው ማን ነው? የሚያወራው የለም።

ወደ ቺካጎ እንሂድ። ሊንከን አቬኑ ላይ ዋክስ ትራክስ የሚባል የሙዚቃ ሱቅ ነበር። ባለቤቶቹ ጂም ናሽና ዳኒ ፍሌሸር ናቸው። ሱቁን ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ያመጡት በ1978 ነው። የአውሮፓን እንግዳ ሙዚቃ ማግኘት የፈለገ የከተማው ወጣት እዚያ ይሄዳል። ሱቁ ቀስ በቀስ አሳታሚ ሆነ። የኢንዱስትሪያል ሙዚቃ የአሜሪካ ቤት እሱ ነበር ብል አላጋነንኩም። በጨዋነት የሚሠሩ፣ ብዙ ጊዜም በቃል ብቻ የሚዋዋሉ ሰዎች ነበሩ። በ1992 ከሰሩ።

አል ጆርገንሰን እዚያ አካባቢ ነው የበቀለው። የተወለደው ሃቫና፣ ኩባ፣ በ1958 ነው። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር አሜሪካ ገባ። ጆርገንሰን የእንጀራ አባቱ ስም ነው። አድናቂዎቹ ዛሬም «አጎቴ አል» ነው የሚሉት። ፊልሙ ላይ ስታዩት አጎቴ የሚያሰኝ ነገር ብዙም ላይታያችሁ ይችላል።

የመጀመሪያው የሚኒስትሪ አልበም በ1983 ወጣ። ብትሰሙት አታምኑም። ለዳንስ የሚሆን ለስላሳ የሲንተሳይዘር ሙዚቃ ነው። ልጁ የእንግሊዝ አነጋገር እየኮረጀ ይዘፍናል። በኋላ አልበሙን ካደው፤ አሳታሚው አስገድዶኝ ነው አለ። በ1986 ለንደናዊውን ፕሮዲውሰር ኤድሪያን ሸርውድን ይዞ ሌላ ነገር ሠራ። በ1988 እና በ1989 በወጡት ሁለት አልበሞች ደግሞ የምናውቀው ሚኒስትሪ ተወለደ። የብረት ጊታር፣ የማሽን ምት፣ ከፊልምና ከንግግር ተቆርጦ የተደጋገመ ድምፅ፣ የተጣመመ ጩኸት። በ1992 አልበማቸው ላይ የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን፣ የአባትየውን፣ ስለ አዲሱ የዓለም ሥርዓት የተናገሩትን ቆርጠው ምት ላይ አስገብተውታል። ሰውዬው ሳያውቁት ዘፋኝ ሆኑ።

እዚህ ጋ ከጆርገንሰን ጎን የቆሙትን ሁለት ሰዎች ልጥራ። ቤዝ ተጫዋቹ ፖል ባርከርና ድራመሩ ቢል ሪፍሊን። ሁለቱም ብላክአውትስ በሚባል የሲያትል ባንድ አብረው ይጫወቱ ነበር። ባርከር ከ1986 ጀምሮ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሚኒስትሪ ቆየ። አልበሞቹን ከጆርገንሰን ጋር ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን ሁለቱም በፈጠራ ስም ነው የሚጻፉት። ሪፍሊን ረጋ ያለ፣ ጠንቃቃ ሙዚቀኛ ነበር። በኋላ ከአር ኢ ኤም ጋር ተጫወተ፣ ከዚያ ኪንግ ክሪምሰን ገባ። በ2020 አረፈ። ስለነዚህ ሁለት ሰዎች የሚወራ የስካር ተረት ብዙ አታገኙም። ተረት የለም ማለት ሥራ የለም ማለት ከመሰላችሁ አልበሞቹን ስሙ።

በየካቲት 1990 ባንዱ ኢንዲያና ግዛት፣ ሜሪልቪል ከተማ ውስጥ ያቀረበው ኮንሰርት ተቀርጾ ወጥቷል። ዩቲዩብ ላይ ፈልጉት። መድረኩና ታዳሚው መሃል ትልቅ የሽቦ አጥር አለ፣ የኳስ ሜዳ አጥር ዓይነት። ወጣቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ይወጣል፣ ይነቀንቃል። ከኋላ ሁለት ድራመር ጎን ለጎን አለ። አንዱ ሪፍሊን፣ ሌላው ማርቲን አትኪንስ። ስታዩት ሁሉ ነገር ሊፈርስ የደረሰ ይመስላችኋል። ግን ሁለት ድራመር በአንድ ምት፣ ያውም ከማሽን ጋር እኩል መምታት ቀልድ አይደለም። አጥሩም ቢሆን ራሱን አላቆመም። በየከተማው ተጭኖ ይሄዳል፣ ይወርዳል፣ ይታሰራል፣ ልጆቹ ሲንጠለጠሉበት እንዳይወድቅ ይፈተሻል፣ ሌሊት ይፈታል።

ይሄ ማርቲን አትኪንስ የሚባለው ሰው በኋላ ምን ሠራ መሰላችሁ? በ2007 ስለ ቱር አሠራር ወፈር ያለ መጽሐፍ ጻፈ። መንገዱ እንዴት ይታቀዳል፣ ሂሳቡ እንዴት ይያዛል፣ ቲሸርት እንዴት ይሸጣል፣ እንቅልፍ እንዴት ይገኛል። ኮሌጅ ገብቶም የሙዚቃ ንግድ አስተማረ። ያን ሁሉ ግርግር ከኋላው ሆኖ ሲመታ የነበረው ሰው የቱር መምህር ሆነ። ይሄን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ።

አሁን ስለ አንድ ታዋቂ ወግ ላንሳ። ጆርገንሰን ደጋግሞ የሚያወራው ነው። ለ1992ቱ አልበም ትልቁ አሳታሚ 750,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ሰጠን ይላል። ገንዘቡን በሙሉ በአደንዛዥ ዕፅ ጨረስነው፣ ለአሳታሚው አንድ ዘፈን ብቻ ይዘን ሄድን ይላል። ዘፈኑ ላይ የሚለፈልፈው በትሆል ሰርፈርስ የሚባለው ባንድ ድምፃዊ ጊቢ ሄይንስ ነው፤ ግጥሙ ግጥም አይደለም፣ ዝም ብሎ የምላስ ጨዋታ ነው። ያ ዘፈን ግን ተወደደ። አልበሙም በአሜሪካ ፕላቲነም ገባ፤ ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው።

ጥሩ ወግ ነው። እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ቀጥሎ ያለውን አስቡት። አንድ ዘፈን ብቻ ከነበረ የቀረው አልበም ከየት መጣ? አንድ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ ቴፕ ሲቆርጥ፣ ጊታር ሲቀዳ፣ ምት ሲያስተካክል አድሯል ማለት ነው። ያ አልበም ሲሰማ የሰከረ ሰው ሥራ አይመስልም። ምቱ አንድ ሚሊሜትር አይዘንፍም። የጊታሩ ቆራጭነት የማይክ ስካሺያ ነው፤ ከቴክሳስ ፈጣን ሜታል ባንድ የመጣ።

በዚያው ዓመት ሎላፓሉዛ ከሚባለው ተዘዋዋሪ ፌስቲቫል ጋር አሜሪካን ዞሩ። ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ፣ ፐርል ጃም፣ ሳውንድጋርደን፣ አይስ ኪዩብ አብረው ነበሩ። ሜዳ ላይ በሚደረጉት ዝግጅቶች ሚኒስትሪ ሲጫወት ታዳሚው ሣሩን ከነአፈሩ እየነቀለ ይወረውር ነበር። ዛሬም እዚያ የነበሩ ሰዎች በኩራት ይነግሯችኋል። ሜዳውን መልሶ ያስተካከለውን አትክልተኛ ማንም ቃለ መጠይቅ አላደረገለትም።

ከዚያ ነገሩ ከበደ። ጆርገንሰን የሄሮይን ሱሰኛ ነበር። ይሄ ምስጢር አይደለም፤ ራሱ በየቃለ መጠይቁ የተናገረው ነው። በ1993 አብሯቸው ይጫወት የነበረው ድራመር ጄፍ ዋርድ ሕይወቱን አጠፋ። በ1995 ፖሊስ ቴክሳስ ያለውን የጆርገንሰን መኖሪያ በርብሮ በዕፅ ከሰሰው፤ በገደብ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት የጓደኛ ባንድ፣ የስኪኒ ፓፒ ሙዚቀኛ ድዌይን ጎተል በሄሮይን ሞተ። በ1996 መጀመሪያ የወጣው የሚኒስትሪ አልበም ከቀድሞው ይለያል። ፍጥነቱ ወርዷል። ከባድ ነው፣ ይጎተታል። የቦብ ዲላንን የፍቅር ዘፈን እንኳ ወስደው ጭቃ ውስጥ አንከባለሉት። አድናቂው ግራ ተጋባ። እኔ በበኩሌ ከሁሉም አልበሞቻቸው የምመርጠው ይሄንኑ ነው፤ ግን ሳልደብቅ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሰማ ሙዚቃ አይደለም።

የፍሪል ካሜራ የገባው እዚህ ላይ ነው።

ቱር ምን እንደሚመስል በደንብ ልንገራችሁ፤ ፊልሙን ስታዩ ይጠቅማችኋል። ቱር አውቶቡስ የምንለው ውስጡ ተደራራቢ አልጋ አለው። በየአልጋው መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ቦታ አንድ ሰው ተጋድሞ መገላበጥ እስኪያቅተው ጠባብ ነው። ባሱ ሌሊት ይነዳል። የመንገደኛ አውቶቡስ ሹፌር በአሜሪካ ሕግ በአንድ ፈረቃ ከ10 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ስለዚህ የከተሞቹ ቅደም ተከተል የሚወሰነው በሙዚቀኛው ሙድ ሳይሆን በሹፌሩ ሰዓት ጭምር ነው።

ጠዋት አዲስ ከተማ ነው። ወደ 4 ሰዓት ግድም ዕቃ ይወርዳል። ጫኝና አውራጁ ከከተማው የተቀጠረ ነው። ስፒከር፣ መብራት፣ ድራም፣ ኬብል። መብራቱን ጣሪያ ላይ የሚሰቅለው ሰው አለ። ከአዳራሹ መሃል ሚክሰር ላይ የሚቆም ሳውንድ ማን አለ። ለሙዚቀኞቹ የሚሰማውን ድምፅ የሚያስተካክል ሌላ አለ። የጊታር ክር የሚቀይር አለ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሳውንድ ቼክ፣ የድምፅ ሙከራ ነው። ማታ በር ይከፈታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ባንዱ ይወጣል። ሲጨርስ ቱር ማናጀሩ ከአዘጋጁ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ይገባና ሂሳብ ይተሳሰባል፦ ስንት ትኬት ተሸጠ፣ ስንት ወጪ አለ፣ ለባንዱ ስንት ይድረስ። የሰበሩት ነገር ካለ ከዚያው ይቀነሳል። ሌሎቹ ዕቃ ይጭናሉ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባሱ ይንቀሳቀሳል። ለእያንዳንዱ ሰው የቀን አበል አለው። ይሄ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ በየቀኑ ባሱ ግድግዳና ባክስቴጅ፣ ከመድረኩ ጀርባ ያለው በር ላይ ይለጠፋል።

አንደኛው መርሃ ግብር ይሄ ነው። ሁለተኛው አይለጠፍም።

ሄሮይን የሚወስድ ሰው አካል የራሱ ሰዓት አለው። ከመጨረሻው በኋላ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሐራራው ይጀምራል። መጀመሪያ ማዛጋት ነው። አፍንጫ ይፈስሳል፣ ዓይን ያነባል። ከዚያ ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። እንቅልፍ የለም። ሰዎች ሱሰኛን ደስታ ፈላጊ አድርገው ያስባሉ። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ግን ደስታውን ካጣ ቆይቷል፤ የሚፈልገው እንዳይታመም ነው።

አሁን ሁለቱን መርሃ ግብሮች አንድ ባስ ውስጥ አስገቧቸው። በየቀኑ ከተማ ይቀየራል። በየከተማው ዕፁን የሚያቀርብ ሰው እንደ አዲስ ይፈለጋል። ማን ነው የሚፈልገው? ያን ሰው ባክስቴጅ የሚያስገባው ማን ነው? ገንዘቡ ከየትኛው አበል ነው የሚወጣው? ድንበር ካለ ድንበሩ እንዴት ይታለፋል? ሰውዬው አንድ ሰዓት ከዘገየ ድራመሩ ምን ያደርጋል? አዳራሹ ደግሞ የመዝጊያ ሰዓት አለው፤ ካለፈ ቅጣት አለ። ታዳሚው ከፍሏል። ሠላሳ ሰው ደመወዝ ይጠብቃል።

እንዲህ ሲታይ አንድ የሚያስቀይም ነገር ይመጣል። ቱሩ እንዲቀጥል ድምፃዊው መድኃኒቱን ማግኘት አለበት። ስለዚህ እሱን የሚወዱት ሰዎች ሁሉ፣ ወደዱም ጠሉም፣ ሱሱን በሰዓቱ እንዲያገኝ ይሠራሉ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ቱሩ ከቆመ ሁሉም ቤቱ ባዶ እጁን ይገባል። እንቢ የሚል ሰው ካለም ነገ በሌላ ሰው ይተካል። ወጉ ላይ «እብድ ነበር፣ ማንም አይቆጣጠረውም» ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ ምስሉን ሳይ የምታዘበው የተገላቢጦሽ ነው። እብደቱ ራሱ መርሃ ግብር ተይዞለታል።

ፊልሙ ውስጥ ጆርገንሰን ካሜራ ፊት መርፌ ሲወጋ ይታያል። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንዳትደነግጡ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስትደርሱ ስለ ካሜራውም አስቡ። ካሜራ የያዘው ሰው በዚያው ባስ ተኝቷል፣ ከዚያው ማዕድ በልቷል። ቢያስቆመው ፊልም የለም። ቢቀርጸው ደግሞ እሱም ከሠላሳዎቹ አንዱ ሆነ። እኔ ፍሪልን አልኮንነውም። ምስሉን ባያወጣው ኖሮ የምናገኘው ወጉን ብቻ ነበር፤ ወጉ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ችግሩም እሱ ነው። ግን «ካሜራው ገለልተኛ ነው» የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ይሄ ጥያቄ ከፊልሙ ይበልጣል። በ1972 ሮሊንግ ስቶንስ አሜሪካን ሲዞሩ ታላቁን ፎቶግራፍ አንሺ ሮበርት ፍራንክን ቅረጸን ብለው ራሳቸው ጋበዙት። ቀረጻቸው። ሲያዩት ደነገጡ። ዕፁ፣ ስልቸታው፣ ሆቴል ውስጥ መንጋለሉ። እንዳይታይ አገዱት፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። በመጨረሻ ፍራንክ ራሱ በተገኘበት፣ በዓመት ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲታይ ተወሰነ። ስለዚህ በ2019 እስኪሞት ድረስ ፊልሙ በሚታይበት ከተማ ሁሉ ሽማግሌው ሻንጣውን ይዞ ይሄድ ነበር። እሱም በተራው ቱር ወጣ ማለት ነው።

«ፊክስ»ም ከዚያ አላመለጠም። በ2011 ጆርገንሰን ፊልም ሠሪዎቹን ከሰሰ። የመጨረሻውን ቅጂ አይቼ ማጽደቅ ነበረብኝ፣ ውላችን ላይ አለ፣ ነው ነገሩ። ክሱ በዚያው ዓመት ተነሳ። እዚህ ላይ ለጆርገንሰን ትንሽ አዝናለሁ። እሱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሄሮይኑን አቁሟል። ያቆመ ሰው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የድሮ ራሱን ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያይ ሲደረግ ጠበቃ ቢጠራ አይፈረድበትም። በዚያው ልክ ግን ያው ሰው ስለዚያው ዘመን ወግ እያወራ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስቃል። በ2013 የወጣው የሕይወት ታሪኩም በእንዲህ ዓይነት ወጎች የተሞላ ነው። ወጉን ሲያወራ ቅጂውን የሚያጸድቀው እሱ ራሱ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስለ ወግ አውሪዎቹም አንድ ነገር ልበል። ሬዝነር ሲናገር በጥሞና ስሙት። እሱ ራሱ በወጣትነቱ ከጆርገንሰን ሌላኛው ባንድ፣ ከሪቮልቲንግ ኮክስ ጋር መድረክ ወጥቷል። በኋላም በ90ዎቹ የራሱን ባንድ ይዞ ሲዞር ተመሳሳይ መንገድ ገብቶ፣ በ2001 ነው ከሱስ የወጣው። ስለዚህ ድምፁ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ የአድናቂ ልጅ ሳቅ አለ፣ የተረፈ ሰው ጥንቃቄም አለ። ሌሚ ሌላ ነው። ሌሚ ዕድሜውን በሙሉ በባስ የኖረ፣ ለማንም የማይሰብክ ሰው ነበር፤ ሄሮይንን ግን አጥብቆ ይጠላ ነበር። በ2015 አረፈ።

ያረፉት ጥቂት አይደሉም። በ1990ው የአጥር ኮንሰርት ላይ ጊታር ይጫወት የነበረው ዊሊያም ታከር በ1999 ሞቷል። በኋላ ባንዱን የተቀላቀለው ቤዝ ተጫዋች ፖል ሬቨን በ2007 ጄኔቫ ውስጥ ልቡ ቆመ። ማይክ ስካሺያ በታኅሣሥ 2012 ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ ከድሮ ባንዱ ጋር እየተጫወተ መድረክ ላይ ወደቀ። የልብ ሕመም ነበር። 47 ዓመቱ ነው። ለጓደኛቸው ልደት የተዘጋጀ ምሽት ነበር። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የቀዳቸው ጊታሮች በ2013 በወጣው የሚኒስትሪ አልበም ውስጥ አሉ። ጆርገንሰን እስካሁን አለ። በ2024 አልበም አውጥቷል። በ2025 ደግሞ እነዚያን የካዳቸውን የወጣትነት ሲንተሳይዘር ዘፈኖች አንስቶ እንደገና ቀዳቸው። ያንን ሲዘፍን ስትሰሙት የእንግሊዝ አነጋገሩ የለም።

ፊልሙን ስታዩ ከጆርገንሰን ላይ ዓይናችሁን ለማንሳት ትቸገራላችሁ፤ ካሜራው እሱን ይወዳል፣ እሱም ካሜራውን። ግን አልፎ አልፎ የምስሉን ዳር ዳር እዩ። ባርከር የት ቆሟል? በሩ ላይ የቆመው ሰው ማን ነው? ወረቀት ይዞ የሚሮጠውስ? ስማቸው ብዙ ጊዜ አይጻፍም። መጨረሻ ላይ ስሞች ሲወርዱ ደግሞ መብራት አታብሩ፣ አንብቡት፤ ይሄን ለአዘጋጆቹም ነው የምለው።

መርፌ ማየት የማይችል ሰው ካለ በግራ በኩል ያለው በር ክፍት ነው፤ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፣ ማንም ምንም አይልም። ድምፁ ከበዛባችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ይቀንሱታል፤ ብዙ ባይቀንሱት ደስ ይለኛል። ጥያቄ ያለው ከፊልሙ በኋላ እዚሁ ፊት ለፊት አለሁ። አመሰግናለሁ።